«ምርመራው ንጹህ ነው» ከተባለ በኋላ



ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ቤታችሁ ውስጥ ወይም ጎረቤታችሁ ዘንድ ሊኖር ይችላል።

የምንጀምረው ከራሳችን ጥፋት ነው። በምናገለግልበት መስጂድ ሱብሒ ላይ ከመጀመሪያው ሶፍ የማይጠፋ አንድ ወጣት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት የደረሰ፣ ከዐስር በኋላ ሕፃናትን ቁርኣን የሚያቀራ፣ በረመዷን ለኢፍጣር ውሃና ተምር እየዞረ የሚያድል ልጅ። አንድ ጊዜ ከባድ ትኩሳት ያዘውና አሥር ቀን ተኝቶ ተነሳ። ተነሳ ስንል ከአልጋው ተነሳ ማለታችን ነው፤ እንደ ቀድሞው ግን አልሆነም። በመጀመሪያ ሱብሒን ቀረ። ቀጥሎ ማቅራቱን ተወ። ከዚያ ትምህርቱን አቋረጠ። ፊቱን ስታዩት ደህና ነው። ሁለት ቦታ ተመርምሮ ሁለቱም ቦታ «ምርመራው ንጹህ ነው፣ ምንም የለብህም» ተብሏል። «ሰውነቴን የደበደቡኝ ያህል ያመኛል፣ ተኝቼ ስነሳ ከመተኛቴ በፊት ከነበረው ይብሳል» ይለናል። እኛ ደግሞ «ወንድሜ፣ ሸይጧን ተጫውቶብሃል፤ ራስህን አሸንፍና ተነስ» አልነው። አንድ ጊዜም አይደለም የነገርነው፤ ደጋግመን፣ ሰው እየሰማ።

ልጁ አፈረ። ሦስት ቀን በተከታታይ ለሱብሒ በእግሩ መጣ። በአራተኛው ቀን ሕፃናቱንም አቀራ። በአምስተኛው ቀን ቀረ፤ ከዚያ በኋላ አምስት ሳምንት ሙሉ መስኮቱ በተሸፈነ ክፍል ውስጥ ተኛ። ድምፅ ይረብሸዋል፣ ብርሃን ያመዋል፣ መታጠብ እንኳ አቃተው። እናቱ መስጂዱ በር ላይ መጥተው «ልጄን ምን አላችሁት?» ሲሉን የምንመልሰው ጠፋን።

ሐኪሞች አይደለንም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ያገኘነውን ስናነብ፣ በጀመዓችን ያሉ ሐኪሞችንና ነርሶችን ስንጠይቅ ቆይተናል። ዛሬ የምናካፍላችሁ ከዚያ የተረዳነውን ነው። አቋማችንንም ከወዲሁ እንናገር፦ ምርመራ ንጹህ ሆኖ የሚታመም ሰው አለ፤ ሕመሙም እውነተኛ ነው፤ «ሰነፍ»፣ «ኢማኑ የደከመ»፣ «ጂን የያዘው» እያልን የምንለጥፍበት ስም በደል ነው።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሙእሚኖችን በአንድ አካል የመሰሉበትን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱ ብልት ሲታመም ቀሪው አካል በትኩሳትና በእንቅልፍ ማጣት አብሮት ይታመማል። መድረሳ ሳለን ይህን የተማርነው ስለ ወንድማማችነት ነው፤ የመጣውም ለዚያ ነው። ምሳሌው ራሱ ላይ ግን ቆም ብለን አናውቅም ነበር። የታመመው አንድ ብልት ከሆነ ሌላው አካል በምን ሰማ? ማን ነገረው? (እዚህ ላይ «ሳይንስ ዛሬ የደረሰበትን ሐዲሱ ቀድሞ ተናግሮታል» ልንላችሁ አይደለም። እንዲህ ያለው ንግድ ፌስቡክ ላይ በዝቷል፣ ለዲኑም አይጠቅምም። ረሱል ምሳሌ ያደረጉት ታሞ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ነው።)

ጉንፋን ሲይዛችሁ አስቡት። ቫይረሱ ያለው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ነው። ታዲያ ጉልበታችሁ ለምን ይቆረጠማል? ወገባችሁን ምን ነካው? ምግብ ለምን ያስጠላል፣ ጨለማ ክፍል ለምን ያስመኛል? መልሱ በመልእክተኞች በኩል ነው። ነጭ የደም ሴሎች ባዕድ ነገር ሲያገኙ ሳይቶካይን የሚባሉ ኬሚካሎችን ይረጫሉ። እነዚህ በደም በኩልም፣ ከአንጎል ተነስቶ እስከ ሆድ ዕቃ በሚወርደው ቬገስ በሚባለው ነርቭ በኩልም ለአንጎል ወሬ ያደርሳሉ። አንጎል ወሬውን ሲሰማ ትኩሳቱን ከፍ ያደርጋል፣ ሕመም የመስማት አቅማችንን ያሳድጋል፣ ጉልበታችንን ቆጥቦ «ተኛ» ይለናል። የበሽታ መከላከያውና የነርቭ ሥርዓቱ ሁለት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ይመስሉን ነበር፤ በእውነቱ ቀን ከሌት የሚደዋወሉ ጎረቤታሞች ናቸው።

ቤንጃሚን ሃርት የሚባል አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1988 በጻፈው ጽሑፍ የታመመ እንስሳ መብላት ማቆሙ፣ ጥግ ይዞ መተኛቱና መደንገዙ በሽታው ያመጣው ድክመት ሳይሆን ሰውነት በሽታውን ለመዋጋት የሚጠቀምበት የተደራጀ ስልት መሆኑን አስረድቷል። ገጠር ያደገ ይህን በዓይኑ አይቷል። የታመመች ፍየል ከመንጋው ተለይታ አንገቷን ደፍታ ትቆማለች። ፍየሏን «ሰነፍ» ብሎ የሚገርፍ እረኛ የለም። ለሰው ሲሆን ግን ምላሳችን ይፈታል።

መደበኛው ነገር በሽታው ሲያልፍ ይህ ማንቂያ መጥፋቱ ነው። ጥያቄው ያለው ሳይጠፋ የሚቀርባቸው ሰዎች ዘንድ ነው።

አውስትራሊያ ውስጥ ደቦ የምትባል የገጠር ከተማ አለች። እዚያና በአካባቢዋ ሦስት የተለያዩ ኢንፌክሽኖች የያዟቸውን 253 ሰዎች ተመራማሪዎች ከሕመሙ መጀመሪያ አንስተው ተከታተሏቸው። ኢንፌክሽኖቹ የእጢ ትኩሳት የሚያመጣው ኤፕስታይን ባር ቫይረስ፣ በወባ ትንኝ የሚተላለፈው የሮስ ሪቨር ቫይረስ፣ ከከብትና ከበግ የሚመጣው ኪው ፊቨር ናቸው። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከስድስት ወር በኋላ 29ኙ፣ ማለትም 12 በመቶ ያህሉ፣ ገና አልዳኑም ነበር፤ ድካም፣ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የአእምሮ መፍዘዝ ነበረባቸው። ሦስቱ ጀርሞች ፈጽሞ የማይገናኙ ሲሆኑ ጥለውት የሄዱት ሕመም ግን አንድ ዓይነት ነበር። ማን እንደሚቀርበት የጠቆመውም የሰውየው ጠባይ ወይም የቀድሞ የአእምሮ ጤና አልነበረም፤ የመጀመሪያው ሕመም ምን ያህል እንደበረታበት ነው። ይህን ስናነብ የልጁን አሥር ቀን ትኩሳት አስታወስን። እኛ የረሳነው እሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲነግረን የነበረው ነገር ነው።

ከኮቪድ በኋላ ይህ ነገር ዓለምን አዳረሰ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ትርጉም አወጣለት፦ ከሕመሙ በሦስት ወር ውስጥ ያለ፣ ቢያንስ ሁለት ወር የቆየ፣ በሌላ በሽታ የማይብራራ ድካም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የማሰብ መቸገር እና የመሳሰለው። ከኮቪድ በፊት የነበረው ወንድሙ ማያልጂክ ኢንሰፋሎማየላይተስ ወይም ክሮኒክ ፋቲግ ሲንድረም ይባላል፤ ባጭሩ ኤም ኢ እንበለው። አሜሪካ ውስጥ የሕክምና ኢንስቲትዩት ይባል የነበረው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ዘገባ በዚያ አገር ከ836 ሺህ እስከ 2.5 ሚሊዮን ሰው ይህ ሕመም እንዳለበት፣ አብዛኞቹም ስሙ እንዳልተነገራቸው ገምቷል። በሐኪምና በቤተ ሙከራ የተትረፈረፈ አገር እንዲህ ከሆነ እኛ ዘንድ «ብርድ ነው»፣ «ሪህ ነው»፣ «ነርቭ ነው» ተብሎ ቢያልፍ አይገርምም።

የዚህ ሕመም ዋና ምልክት ድካሙ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከሥራ በኋላ መውደቅ የሚሉት ነገር አለ። በሽተኛው ዛሬ ከአቅሙ ትንሽ ያልፋል፤ ለሌላው ሰው ምንም ያልሆነች ነገር፣ ደረጃ መውጣት ወይም አንድ ሰዓት መማር። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ዛሬ አይደለም፤ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ነው፣ ለቀናት ወይም ለሳምንታት። ልጁ ሦስት ቀን መጥቶ በአምስተኛው ቀን የወደቀው ለዚህ ነው። እኛ «ይኸው መምጣት ይችል ነበር፣ ሲፈልግ ይችላል» ብለን ነበር። ማስረጃ ያልነው ነገር የሕመሙ ምልክት ነበር!

ሌላው የሶላት ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር ቆሞ የመቆየት ችግር ነው። ስንነሳ ደም ወደ እግር እንዳይወርድ ደም ሥሮችን የሚያጠብቀው፣ የልብ ምትን የሚያስተካክለው እኛ የማናዘው የነርቭ ክፍል ነው። ይህ ሲዛባ ሰውየው በቆመ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የልብ ምቱ በደቂቃ 30 እና ከዚያ በላይ ሊጨምር ይችላል፤ ያዞረዋል፣ ዓይኑ ይጨልማል፣ እግሩ ይከዳዋል። እስኪ ይህን ሰው ተራዊሕ ላይ አቁሙት። ከሱጁድ ሲነሳ ግድግዳ የሚይዘውን ወጣት ስታዩ «በዚህ ዕድሜው!» ከማለታችሁ በፊት ይህን አስቡ።

ወደ ሕመም መስማት እንምጣ፤ ፋይብሮማያልጂያ ወደሚባለው። መላ ሰውነት ለወራትና ለዓመታት የሚያም፣ እንቅልፍ የማያሳርፍ፣ ብዙውን ጊዜ ሴቶችን የሚያጠቃ ሕመም ነው። ራጅ ብታነሱት አጥንቱ ደህና ነው። ደሙም ደህና ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የመጀመሪያው መስፈርት ሐኪሙ በ18 የሰውነት ቦታዎች ላይ በጣቱ እየተጫነ ቢያንስ 11ዱ የሚያሙ መሆናቸውን እንዲያረጋግጥ ያዝዝ ነበር፤ በ2010 ግን ይህ ቀርቶ ሕመሙ የተሰራጨበትን ቦታና ሌሎቹን ምልክቶች በመቁጠር ተተካ።

ምን ሆኖ ነው የሚያመው? የመስጂዳችንን ማይክ አስቡ። መጠኑ ልክ ሲሆን የኢማሙን ድምፅ ብቻ ያሰማል። አንዱ ልጅ መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻ ቢያዞረው የሙስሐፍ ገጽ ሲገለጥ እንደ ነጎድጓድ ይሰማል፣ ማንም ሳይናገር ያፏጫል። ኢማሙ አልጮኸም፣ ማይኩም አልተሰበረም፤ ማጉያው ነው ልኩን ያለፈው። ክሊፎርድ ዉልፍ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 በአይጦች ላይ ባደረገው ጥናት ጉዳት ከደረሰ በኋላ ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉት ነርቮች ራሳቸው እንደዚህ እንደሚጎሉ አሳየ። ከዚያ በኋላ ቀላል ንክኪ ሕመም ሆኖ ይሰማል። ማጉያውን ከሚነካኩት መካከል ደግሞ በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ የሚኖሩ ማይክሮግሊያ የሚባሉ የመከላከያ ሴሎች አሉበት። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2017 ከጉዳት ሕመምና ከነርቭ መጎዳት ሕመም ጎን ሦስተኛ ዓይነት ሕመም መኖሩን የሚገልጽ ቃል ተቀብሏል፤ ግልጽ ጉዳት ሳይኖር የሕመም አሠራሩ ራሱ ሲለወጥ የሚመጣ።

ከሁሉም ያስገረመን ግን እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው የእንግሊዝና የስዊድን ተመራማሪዎች ጥናት ነው። ከፋይብሮማያልጂያ በሽተኞች ደም አንቲቦዲ ወስደው ለአይጦች ሰጡ። አይጦቹ ለግፊትና ለቅዝቃዜ ሕመማቸው ጨመረ፣ የእግራቸው የመጨበጥ አቅም ቀነሰ፣ እንቅስቃሴያቸውም ቀነሰ። ከጤነኛ ሰዎች የተወሰደው አንቲቦዲ ይህን አላደረገም። አንቲቦዲው ከአይጦቹ ሰውነት ሲወጣ ከሳምንታት በኋላ ተሻላቸው። አንቲቦዲው ተጠራቅሞ የተገኘው ነርቮች ኅብለ ሰረሰር ከመግባታቸው በፊት በሚሰባሰቡባቸው ጉብታዎች ላይ ነው። አይጥ ሥራ ለመሸሽ አታስመስልም። አይጥ ባሏን ለማስጨነቅ አትተኛም። ይህ በሽተኞቹን ሁሉ ይገልጻል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን «ጭንቅላትሽ ውስጥ ነው» ለተባለችው እህት ትልቅ ምስክር ነው።

ኤም ኢን በተመለከተም የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ጥናት ከኢንፌክሽን በኋላ የታመሙ 17 ሰዎችን ከራስ እስከ እግር መረመረ። አንቲቦዲ በሚሠሩት ሴሎቻቸው ላይ ልዩነት አገኘ፤ ከአንጎልና ከኅብለ ሰረሰር ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ነርቮች መልእክት ከሚለዋወጡባቸው ኬሚካሎች የተወሰኑት ቀንሰው አገኘ። 17 ሰው ጥቂት ነው፤ በሽተኞቹ ራሳቸው የተከራከሩበት ትርጓሜም አለበት። በ2025 ደግሞ በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ጥናት የ15,579 በሽተኞችን ዘረ መል ከጤነኞች ጋር አነጻጽሮ ስምንት የሚለያዩባቸውን ቦታዎች አገኘ። ከእነዚህ አካባቢ ያሉት ጂኖች ውስጥ ከበሽታ መከላከያና ከነርቭ ሥርዓት ጋር የተያያዙ አሉ። የተሟላ መልስ ገና የለም። የሚያመላክተው ግን ወደ ሰውነት ነው፤ ወደ ባሕርይ ጉድለት አይደለም።

«ታዲያ ሐኪሞቹስ ለምን ይሳሳታሉ?» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1955 ለንደን በሚገኘው ሮያል ፍሪ ሆስፒታል ውስጥ በሐምሌና በኅዳር መካከል 292 ሠራተኞች በአንድ ያልታወቀ ሕመም ወደቁ፤ ሆስፒታሉ ለሁለት ወር ያህል ተዘጋ። ብዙዎቹ ነርሶች ነበሩ። ከ15 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970፣ ሁለት የአእምሮ ሐኪሞች በሽተኞቹን ሳያነጋግሩ የቆዩ መዝገቦቻቸውን አንብበው «የጅምላ ሂስቴሪያ ነው» አሉ። ከምክንያቶቻቸው አንዱ ከታመሙት አብዛኞቹ ሴቶች መሆናቸው ነበር። ያ አባባል ለብዙ ዓመታት የበሽተኞችን አፍ ዘጋ። ስለዚህ የተማረ ሰውም ሳያዳምጥ ይፈርዳል። እኛ ግን የእነሱን ስህተት ለራሳችን ስህተት መሸፈኛ አናደርገውም።

«ስፖርት ሥራ፣ ተንቀሳቀስ» የሚለው ምክርስ? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሁለቱን ሕመሞች ደባልቀው የሚመክሩ በዝተዋልና። ለፋይብሮማያልጂያ ቀስ ብሎ የሚጨምር እንቅስቃሴ፣ በተለይ መራመድ፣ ከሚረዱት ነገሮች የመጀመሪያው ነው። ከሥራ በኋላ ለሚወድቀው የኤም ኢ በሽተኛ ግን መግፋት ይጎዳል። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪው ናይስ እ.ኤ.አ. በ2007 በየጊዜው የሚጨምር የስፖርት ሕክምና ይመክር ነበር። ከብዙ ክርክር በኋላ በ2021 ምክሩን አነሳ፤ በቦታው አቅምን አውቆ በልክ መኖርን አስቀመጠ። ስንት በሽተኛ በነዚያ ዓመታት እየተገፋ ባሰበት፣ አላህ ያውቃል። እኛም አንዱን ገፍተናል።

ወደ ከተሞቻችን እንመለስ። አንድ ወጣት «ደከመኝ፣ ያመኛል» ብሎ ክሊኒክ ሲሄድ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» የሚል ነው። መድኃኒቱን ይጨርሳል፣ አይሻለውም። ተመልሶ ይሄዳል፣ እንደገና ታይፎይድ። ለዚህ የሚሠራው የተለመደ የደም ምርመራ አስተማማኝ እንዳልሆነ ሐኪሞች ራሳቸው ይናገራሉ። ከዚያ የነርቭ ቫይታሚን መርፌ ይመጣል። ከዚያ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ትራማዶል። ወጣቶች ሆይ፣ ትራማዶል ሱስ ያስይዛል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም ብላችሁ በራሳችሁ የምትጀምሩት ነገር አይደለም። «ሰውነት ያበረታል» ተብሎ የሚሸጠው ዴክሳሜታዞንም መጀመሪያ ደህና ያደርጋል፣ ሲቆይ ስኳርና ደም ግፊት ያመጣል፣ አጥንት ይበላል፣ በድንገት ሲቆም ደግሞ አደጋ አለው።

መጀመሪያ መደረግ ያለበት መታከም የሚችሉትን በሽታዎች ማጣራት ነው። የደም ማነስ፣ የእንቅርት እጢ፣ ስኳር፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ ኤች አይ ቪ፣ የጉበት ቫይረስ፣ የመገጣጠሚያ መቆጣት፣ ድብርትም እንዲሁ። ክብደት እየቀነሰ፣ ሌሊት እያላበ፣ ትኩሳት እየተመላለሰ፣ አንድ እጅ ወይም እግር እየሰነፈ ከሆነ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ትታችሁ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። «እኔም ይሄ ነው ያለብኝ» ብሎ ከፌስቡክ ላይ ራስን መመርመር አይገባም። ከተጣራ በኋላ ግን «ምንም የለብህም» እና «በዚህ ምርመራ አልታየም» የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሁለተኛውን የሚናገር ሐኪም ካገኛችሁ ያዙት።

ፈውስ አለ የሚላችሁንም ተጠንቀቁ። ኖርዌይ ውስጥ ሪቱክሲማብ የሚባል መድኃኒት በ30 የኤም ኢ በሽተኞች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2011 ትልቅ ተስፋ ሰጥቶ ነበር። የሞከሩት ሐኪሞች ራሳቸው ሙከራውን ወደ 151 ሰው አሳደጉት፤ በ2019 መድኃኒቱ ከባዶ መርፌ እንደማይሻል ደረሱበት፣ ደረሱበትናም በግልጽ አወጁት። ይህን ታማኝነት እናከብራለን። በቲክቶክ «ሰባት ቀን ውስጥ ነርቭ የሚያክም» ቅመም የሚሸጠውን ወንድማችንን በ151 ሰው ላይ ሞክረኸዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁት እስኪ።

ሩቃን በተመለከተ የሚያስቀይማቸው ሰዎች እንዳሉ እያወቅን እንናገራለን። ቁርኣን ሺፋእ ነው፣ ዐይነ ናስም እውነት ነው፣ ሩቃም ሱንና ነው። ይህን አንክድም፣ ለልጁም ቀርተንለታል። ነገር ግን ራቂው በአምስት ደቂቃ ውስጥ «ሲሕር ነው፣ ያሠራብህም ዘመድህ ነው» ብሎ ቤተሰብ ሲበትን፣ «ጂኑ እንዲወጣ» እያለ ሕመም የጎላበትን አካል ሲመታ፣ ሐኪም ዘንድ እንዳይሄድ ሲከለክል ይህ ሱንና አይደለም። ቀላል ንክኪ እንደ ዱላ የሚሰማውን ሰው በዱላ መምታት ምን ማለት እንደሆነ ከላይ የጻፍነውን መለስ ብላችሁ አንብቡ። መታከምን ያዘዙን ረሱል ናቸው (ሰ.ዐ.ወ)።

አንድ ነገር ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ። «ጭንቀት ያባብሰዋል» ሲባል የሚቆጡ በሽተኞች አሉ፤ «አስመሳይ አሉኝ» ብለው ነው የሚሰሙት። ይገባናል። ግን ጭንቀት፣ ሐዘን፣ ያየነው ጦርነት፣ የእንቅልፍ ማጣት በነርቭና በበሽታ መከላከያው ላይ በቀጥታ ይሠራሉ፤ ማጉያውን ያዞራሉ። ለፋይብሮማያልጂያ ሐኪም የሚያዝዛቸው አንዳንድ መድኃኒቶችም መጀመሪያ ለድብርት የተሠሩ ናቸው፤ በኅብለ ሰረሰር ሕመምን የሚቀንሰውን መስመር ስለሚያግዙ ነው የሚሰጡት። ሐኪሙ ያንን ሲያዝላችሁ «እብድ አለኝ» አትበሉ።

በፊቅህ ደርስ ላይ የዒምራን ኢብኑ ሑሶይንን ሐዲስ ያልቀራ ደረሳ የለም። ሕመም ነበረባቸው፤ ስለ ሶላታቸው ሲጠይቁ ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ካልቻሉ በጎናቸው ሆነው እንዲሰግዱ ነው የተነገራቸው። አቅሙን የሚያውቀው የሚሰግደው ሰው ነው። የላብራቶሪ ወረቀት አምጣ አልተባሉም። እኛ ግን ወጣት ወንበር ላይ ሲቀመጥ በዓይናችን ወረቀት እንጠይቃለን። የረመዷን ጾሙንም ቢሆን ከሐኪሙና ከሚያምነው ዓሊም ጋር ይወስን፤ ከጎረቤት ጋር አይደለም።

በእኛ መስጂድ አሁን ከኋላ ሳይሆን ከሶፉ ጫፍ አራት ወንበር አለ፤ ማንም ለምን ተቀመጥክ አይባልም። ኢማማችን በዒሻ ረዘም ያለ ሱራ ሲያሰኛቸው ያሳጥራሉ። እነዚህ ትንሽ ነገሮች ናቸው። የሚከብደው ምላሳችን ነው፤ «ደህና ትመስላለህ እኮ» የምትለዋን ቃል ማስቀረት ገና አልተሳካልንም። ለበሽተኛ ቤተሰብም የምንለው አለ፦ ዝያራ ስትሄዱ አጭር ይሁን፣ ድምፅ ይቀነስ፣ ሽቶውም ይቅር፣ ቡና ካልፈላ አትበሉ። የታመመው ሰው እናንተን ለማስተናገድ የሚያወጣውን ጉልበት ነገ ይከፍለዋል።

ባለፈው ጁሙዓ ልጁን ልንጠይቅ ሄድን። መጋረጃው ግማሽ ተከፍቷል። አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ በስልክ አንድ ሕፃን እያቀራ አገኘነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ተማሪው ነው። አጠገቡ የስልኩን ሰዓት አሥር ደቂቃ ሞልቶ አስቀምጧል። ሕፃኑ ሱራውን ሊጨርስ ሦስት አያ ሲቀረው ደወሉ ጮኸ። ልጁ «ቀሪውን ነገ ሳይሆን ሰኞ፣ ኢንሻአላህ» ብሎ ሙስሐፉን ዘጋ። ሕፃኑ «ሦስት ብቻ ናት እኮ ኡስታዝ» እያለ ለመነው። አንዳችን አፋችንን ልንከፍት ስንል እናቱ ከበሩ ላይ ሆነው አዩን፤ ዝም አልን።